ስለ አሮጌ ኮምፒዩተር ሙቀትና ስለ ማራገቢያው

ጣራ ከመውደቁ በፊት ያፈስሳል፤ በቅሎ ከመድከሟ በፊት ታነክሳለች፤ ድስትም ከማረሩ በፊት ሽታው ይመጣል። በቤታችን ያለው ዕቃ ሁሉ ከመጥፋቱ አስቀድሞ በራሱ ቋንቋ ይናገራል ለማለት ይቻላል። የጠፋው ንብረት ነገር ቢመረመር፥ አብዛኛው ዕቃው ሳይናገር ቀርቶ ሳይሆን ባለቤቱ ሰምቶ እንዳልሰማ በመሆኑ የጠፋ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መጋልና ስለ ማራገቢያው ጥቂት እንናገራለን። ነገሩ የጠጋኞች ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር ዛሬ የቤት መዝገብ፥ የልጅ መማሪያና የነጋዴ ሣጥን ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ከተሰጠ ወዲህማ፥ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ አሮጌም ቢሆን አንድ ኮምፒዩተር በቤቱ እንዲኖር ቢመኝ አያስደንቅም።

በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች አሮጌ ኮምፒዩተር ብዙ ነው። አንዳንዱ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ነው፤ አንዳንዱ በበርበራ ወደብ ወርዶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ነው፤ አንዳንዱንም በውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ነው። የአገሩም ጠባይ ለዚህ መሣሪያ የማይመች ነው። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቈረቈረች አየሯ ለሰው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 17 እጅ ያህል ስለሚያንስ፥ አየሩ የሳሳ ነው። ማራገቢያውም ያንኑ ያህል ቢዞር የሚያስወግደው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። በዚህ ላይ ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት ደረቅ ወራት፥ ማለት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ፥ በገባ ጊዜ የሜዳው አቧራ በመስኮትና በበር ሥር ይገባል። ወደ ሰሜን ወርደን ሽንሌንና አይሻን ብናይ ደግሞ፥ አቧራው ሳይቀር የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ግን ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚወስኑት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በጅግጅጋ በጎረቤታችን ቤት የደረሰው ነገር ነው። ባለቤታቸው የፍየልና የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድረስ በዱቤ ይሰጡም ይቀበሉም ነበር። የዱቤውን ሒሳብ ሁሉ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይጽፉት ነበርና፥ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ወይዘሮዋና አራቱ ልጆቻቸው የሚያውቁት ሌላ መዝገብ አልነበረም። በእስልምና ሕግ ርስት ከመከፈሉ በፊት የሟቹ ዕዳ መከፈል አለበት፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ሒሳቡን ሊያዩ ቀን ቈርጠው ነበር። ስምንት ቀን ሲቀር ኮምፒዩተሩ ከቀትር በኋላ በተከፈተ ቍጥር ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ በራሱ ይጠፋ ጀመር።

ወይዘሮዋ መጥተው «ወላሎ» አሉን፤ ይህም በሶማሌኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ «ጠጋኙ አይቶት ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብሎኛል። ልጄም ለብረቱ ዋጋ እንሽጠውና እንገላገል ይላል። ይህ ሣጥን ከሞተ ባለዕዳው ሁሉ ሞተ ማለት ነው፤ እባክህ አንድ ጊዜ እየው።»

ልጁን ጠርተን ነገሩ ከመቼ እንደ ጀመረ ጠየቅነው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በጥቁር መስኮት ላይ የማራገቢያ ስሕተት አለ፥ ለመቀጠል ኤፍ ዋን የሚለውን ቍልፍ ተጫን የሚል ጽሑፍ ማሳየት ከጀመረ አራት ወር ሆኖት ነበር። ልጁም በየጥዋቱ ቍልፉን እየተጫነ ያልፈው ነበር። በዚህ ልጁን ብቻ ልንወቅሰው አልቻልንም፤ እኛም በመሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ጽሑፍ ሳናነብ ያለፍንበት ቀን አለና።

ከሁሉ አስቀድሞ ያደረግነው ጥገና አይደለም። መሣሪያ ሲታመም መጀመሪያ የሚዳነው በውስጡ ያለው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ሌሊቱን አሳድረን፥ በማግሥቱ ገና አየሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተን አስነሣነውና ሒሳቡን ወደ ሁለት ፍላሽ ገለበጥነው። አንዱን ለወይዘሮዋ፥ አንዱንም ለታላቅ ልጃቸው ሰጠን። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ካቻቢቴውን አንሥቶ መፍታት ይወዳል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በጥገና ላይ የሚሰበር ነገር አይጠፋምና።

አሁን ኮምፒዩተር ሙቀቱን እንዴት እንደሚያውቅ እናስረዳ። በውስጡ ሴንሰር የሚባሉ ሙቀት ለኪዎች አሉት። አንዱ የሚገኘው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ሌላው በማዘርቦርዱ ላይ፥ ሌላውም በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። ኢንቴል የሚባለው ፋብሪካ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2006 ጀምሮ ባወጣቸው ኮር በሚባሉት ፕሮሰሰሮች፥ ለኪው ሙቀቱን በቍጥር አድርጎ በቀጥታ ይናገራል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ያም ካልበቃ መሣሪያውን በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተር በሙቀት መጥፋቱ ሞት አይደለም፤ ከሞት መሸሽ ነው።

ማራገቢያውም እንዲሁ ይናገራል። በሦስት ሽቦ የሚሠራው አንዱ ሽቦ መሬት፥ አንዱ የ12 ቮልት ኀይል፥ ሦስተኛው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ የሚናገር ነው፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ምልክት ይሰጣል። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2004 ገደማ ወዲህ የተስፋፋው አራት ሽቦ ያለው ደግሞ፥ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን የሚያዝበት አራተኛ ሽቦ አለው። እንግዲህ ለኪው ምስክር፥ ማዘርቦርዱ ዳኛ፥ ማራገቢያውም ታዛዥ ነው ብለን ብናስብ ነገሩ ይቀልልናል። ምስክሩ ቢዋሽ ዳኛው ይሳሳታል፤ ትእዛዙ ደርሶ ታዛዡ ባይነሣም ፍርዱ ከንቱ ይሆናል።

ጠጋኙ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ያለበትን ምክንያት ስንመረምር፥ ሙቀት በሚያሳየው ፕሮግራም ላይ 127 ዲግሪ የሚል ቍጥር አይቶ ነበር። በእውነቱ ቍጥሩ ያስደነግጣል። እኛ ግን ምስክሩን አስቀድመን መረመርነው። ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ኮምፒዩተር በጥዋት ሲነሣ፥ ለኪዎቹ ሁሉ ከክፍሉ ሙቀት ብዙም ያልራቀ ቍጥር ሊሰጡ ይገባል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ነገር ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልምና፥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቍጥር ቢታይ ሐሰት ነው፤ ገና ሳይሠራ ከ100 በላይ ቢያሳይም ሐሰት ነው። የፕሮሰሰሩ ለኪ በዝቅተኛ ሙቀት ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ሊስት ይችላል፤ የተሠራው ወደ ወሰኑ ሲጠጋ በትክክል እንዲናገር ነውና በዚህ አይፈረድበትም። 127 የሚለው ግን ጥዋትም ቀትርም፥ ሲሠራም ሲያርፍም ያንኑ 127 ይል ነበር። ይህ ሙቀት አይደለም፤ ምንም ለኪ ያልተገጠመበት ባዶ መስመር ነው። የሚነገረው ቃል ምንጊዜም አንድ ዓይነት የሆነ ምስክር ያላየውን የሚናገር ምስክር ነው።

የፕሮሰሰሩ ለኪ ግን ሌላ ነገር ነገረን። በጥዋት 41 ነበር፤ ሥራ ስንሰጠው ወደ 70፥ ወደ 85 ወጣ፤ በመጨረሻም 97 ሲደርስ ኮምፒዩተሩን ራሳችን አጠፋነው። የሚወጣና የሚወርድ ቍጥር የእውነተኛ ምስክር ጠባይ ነው። ስለዚህ ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም፤ ፕሮሰሰሩ ግን በእውነት ይግል ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ማራገቢያዎቹ ሄድን። ሁለት ነበሩ። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው እንደ ወፍጮ ይጮኽ ነበር፤ ይኸውም ጥፋቱ ሳይሆን ዳኛው አብዝቶ ስላዘዘው ነው። በሣጥኑ ጀርባ ያለው፥ ሞቃቱን አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣው፥ ፈጽሞ አይዞርም ነበር። ኀይሉን ካቋረጥን በኋላ በጣታችን ብንገፋው ጥቂት ተንቀሳቅሶ ቆመ፤ ጤነኛ ማራገቢያ ግን በቀላሉ ጥቂት ዙር ይዞራል። አራት ወር ሙሉ በጥቁር መስኮት ላይ ይጻፍ የነበረው የዚሁ ማራገቢያ አቤቱታ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ጽሑፍ ማራገቢያው ደኅና ሆኖ ሳለም የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ሽቦው በማይገባው ሶኬት ከተሰካ፥ ወይም በዝግታ የሚዞር ማራገቢያ ተገጥሞ ፍጥነቱ በባዮስ ከተወሰነው በታች ከሆነ ስሕተት ተብሎ ይጻፋል።

ሣጥኑን ጠለቅ ብለን ስናይ ሌላም ነገር አገኘን። በፕሮሰሰሩ ላይ ባለው የአሉሚኒየም ሙቀት አብራጅ ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። ይህ አቧራ በቡርሽ የሚራገፍ ዓይነት አልነበረም፤ የተጣበቀ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ አልዘገየንም፤ ኮምፒዩተሩ ከተቀመጠበት አጠገብ ዳብቃዱ ነበር። ዳብቃድ ማለት ሶማሌዎች ዑንሲ የተባለውን መዓዛ የሚያጤሱበት ዕቃ ነው። የዑንሲውም ሆነ በየቤታችን ቡና ሲፈላ የሚጤሰው የዕጣን ጢስ ሙጫና ቅባት ያለበት ስለ ሆነ፥ በብረቱ ላይ ተለጥፎ አቧራውን ይይዘዋል። መዓዛው ለቤት ክብር ነው፤ ይጤስ፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፥ ቢቻል በሌላ ክፍል ይጤስ።

ሙቀት አብራጁን በፕሮሰሰሩ ላይ ከሚያጣብቁት አራት የፕላስቲክ እግሮችም አንደኛው ተነቅሎ ነበር። በመካከላቸው የሚቀባውም ቅባት፥ ጠጋኞች ተርማል ፔስት የሚሉት፥ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። እንግዲህ ጥፋተኛው አንድ አልነበረም፤ የደረቀው ቅባት፥ የተነቀለው እግር፥ የተጣበቀው አቧራና የቆመው ማራገቢያ አራቱም ተባብረው ነበር። ጠጋኙ አንዱን ብቻ ፈልጎ አንድ ሐሰተኛ ቍጥር ስላገኘ ፈረደ።

የጠረግንበት ሥርዓት ይህ ነው። መጀመሪያ የኀይሉን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልን፤ በውስጡ የቀረው ኀይል እንዲያልቅም የመክፈቻውን ቍልፍ ጥቂት ጊዜ ተጫንን። ከዚያ የሣጥኑን ብረት በእጃችን ነካን፤ በሰው ገላ ላይ የሚጠራቀም ኀይል ረቂቁን ክፍል ሊያበላሽ ይችላልና። የማራገቢያውን ክንፍ በጣታችን ይዘን በለስላሳ ቡርሽ ጠረግን። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን ወደ ጎሚስታ ወስዶ በጎማ መንፊያው አየር ያስነፋዋል፤ አቧራው በእርግጥ ይወጣል፤ ነገር ግን በዚያ አየር ውስጥ ውሃና ዘይት ሊኖርበት ይችላል፤ ክንፉም ሳይያዝ ቢነፋ ከመጠን በላይ ፈጥኖ መሽከርከሪያው ይበላሻል። ሙቀት አብራጁን ፈትተን ክንፎቹን በአልኮል ካጠብን በኋላ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቅን። የደረቀውን ቅባትም ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ አስለቀቅነው፤ ሽቶ ግን አይሆንም፤ ቅባት አለበትና። አዲሱን ቅባት በፕሮሰሰሩ መካከል የአተር ፍሬ ያህል ብቻ አኖርን። ሲበዛ ይሻላል ብሎ የሚለቀልቅ ሰው ሙቀቱን ያግደዋል እንጂ አያሳልፈውም። አራቱንም እግሮች በመስቀለኛ እያፈራረቅን ተጫንናቸውና ሲገቡ ድምፃቸውን ሰማን።

ለቆመው ማራገቢያ በመጠኑና በሽቦው ብዛት የሚተካከል ከሌላ አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኘ። በዚህ ነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ፋብሪካዎች በራሳቸው ሥርዓት የተዘረጋ፥ እስከ አምስት ሽቦ ያለው ማራገቢያ ይሠራሉ፤ ሳያውቁ ሽቦውን ቈርጦ መቀጠል ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ለኪው ከዲስኩ ጋር የተያያዘበትም መሣሪያ አለ። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2009 እስከ 2011 በወጡት አይማክ በሚባሉት ኮምፒዩተሮች፥ ሃርድ ዲስኩ በሌላ ዓይነት ከተተካ መሣሪያው የዲስኩን ሙቀት ማወቅ ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ማራገቢያው በሙሉ ኀይሉ ይጮኻል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ምስክሩ ቢጠፋበት ዳኛው የሚከፋውን አስቦ ይጠነቀቃል እንጂ። ማራገቢያ ሲጮኽ ማራገቢያውን ብቻ መለወጥ ከንቱ ወጪ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከተገጣጠመ በኋላ የፕሮሰሰሩ ለኪ በከባድ ሥራ ጊዜ 66 ዲግሪ አሳየን። የማራገቢያ ስሕተት የሚለው ጽሑፍ ቀረ። የፕሮሰሰሩም ማራገቢያ ጩኸቱን አቁሞ በደቂቃ 1,200 ዙር ያህል ይዞር ጀመር። 127 የሚለው ሐሰተኛ ቍጥር ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ እርሱን የሚያድን ጥገና የለምና። ወደፊት የሚመጣ ጠጋኝ እንዳይሳሳትበት በወረቀት ጽፈን በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፍነው፤ ቅባቱ የተለወጠበትን ቀንም ጨመርንበት።

የማይነካም ነገር አለ። ፓወር ሳፕላይ የሚባለውን የኀይል ሣጥን ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ለሰው የሚያሰጋ ኀይል በውስጡ ይቀራል። በማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ትናንሽ በርሜሎች ራሳቸው ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ቢገኝ፥ ሕመሙ ሙቀት ብቻ አይደለምና ወጪው ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ይመዛዘን።

ለቤት አያያዝም ይህን እንመክራለን። ኮምፒዩተሩ ከወለል ከፍ ይበል፤ ጀርባው ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። የሚያምረው ዳንቴል ሲጠፋ ይልበሰው፤ ሲሠራ ግን ይውለቅ። በጂላል ወራት በየወሩ ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ። በሽንሌና በአይሻ ያሉ ወገኖቻችን ከባዱን ሥራ በጥዋት ቢያደርጉት ይሻላል። ከሁሉም በላይ ኤፍ ዋን ከመጫን በፊት የተጻፈው ይነበብ፤ በባዮስ ውስጥ ገብቶ ማስጠንቀቂያውን ማጥፋትም ይቻላል፥ ነገር ግን ይህ ውሻ ሲጮኽ ሌባውን ትቶ ውሻውን እንደ መምታት ነው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ቀን ተሰበሰቡ፤ ሒሳቡም በወረቀት ታትሞ ተነበበ። ብዙ ባለዕዳዎች ዕዳቸውን አመኑ። ነገር ግን መዝገቡ ለወይዘሮዋ ብቻ የሚመሰክር አልነበረም። ሟቹ ራሳቸው በቀብሪበያህ ለሚኖር አንድ ሰው የስምንት ፍየል ዋጋ እንዳልከፈሉ ተጽፎ ተገኘ። ያ ሰው ሽማግሌዎቹ ፊት አልመጣም ነበር፤ የጠየቀም አልነበረም። ወረቀቱ ገና በታተመበት ማታ ልጁ ይህን አይቶ ኖሯል፤ ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል ብንል ማን ያውቅብናል ብሎ ለእናቱ በቀስታ ነገራቸው። እርሳቸውም «አባትህ ጻፈው፤ እኛ አናጠፋውም» አሉት፤ ዕዳውንም ከርስቱ በፊት አስከፈሉ።

ልጁ አሁን በጥዋት ኮምፒዩተሩን ሲከፍት በመስኮቱ ላይ የሚጻፈውን እስከ መጨረሻው እንደሚያነብ እናቱ ነግረውናል።